«አብሽሩ፣ የሚገደለው ሽማግሌው ነው»

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ስለ ደቡብ ወሎ ቱሪዝም ሲመከር ቁጭ ብዬ ነበር። ሻይ ሊደርስ ሲል አንድ ተናጋሪ ተነሡና ነገሩን ባንድ ጊዜ ገላገሉት። የቦረና ሳይንት ፓርክ ቱሪስት አላመጣም፣ ጭላዳው፣ ያ ባለ ጎፈር የደጋ ዝንጀሮ፣ የገበሬውን ገብስ እየጨረሰ ነው፣ ስለዚህ ጭላዳውን ለስፖርታዊ አደን እንክፈተው አሉ። ፈረንጅ ይመጣል፣ አንድ ወንድ ይጥላል፣ በዶላር ከፍሎ ይሄዳል። አዳራሹ ሲንጫጫ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ «አብሽሩ፣ የሚገደለው ሽማግሌው ብቻ ነው» አሉ።

ተጨበጨበላቸው።

«አብሽር» ደስ የሚል ቃል ነው። ደሴ ያደገ ሰው ሲታመምም ሲከስርም የሚሰማው ቃል ነው። ለዚህ ሲውል ግን ደሜን አፈላው።

እስቲ ከሽማግሌው እንጀምር። አዳኙ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ የሚመጣው ለምንድነው? ለጎፈሩ ነው፤ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው። ጎፈር ያለው ደግሞ ማነው? ጭላዳ የሚኖረው በቤተሰብ ነው። አንድ አባወራ፣ ጥቂት ሴቶች፣ ልጆቻቸው። አባወራው ጉልበቱ ያልደከመ ጎልማሳ ነው። ጎፈሩ ትከሻው ላይ ይዘናፈላል፣ ደረቱ እንደ በርበሬ ይቀላል። «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራረጧል» የሚል ሰው ወንድ ጭላዳን በጠዋት ፀሐይ አላየውም። ጉልበቱ ሲከዳው ጎረምሳ መጥቶ ይገለብጠዋል። ያኔ የደረቱ ቅላት ይደበዝዛል። ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ አይርቅም። ጥግ ይዞ ልጆቹን እየጠበቀ ይኖራል፤ ልክ እንደኛ ሰፈር ጡረተኞች። እንግዲህ ይህን ደረቱ የገረጣ ሽማግሌ ለመስቀል ዶላር የሚቆጥር ፈረንጅ ካለ አምጡልኝና ልየው። የሚመረጠው አባወራው ነው። ተናጋሪው ይህን ካላወቁ ለምን ተናገሩ? ካወቁ ደግሞ የባሰ ነው።

አባወራው ሲወድቅ ምን ይሆናል? ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ጥናት አለ። አዲስ ወንድ ቤተሰቡን ሲይዝ፣ ካረገዙት ሴቶች 80 በመቶ ያህሉ ጽንሱ ይጨነግፍባቸዋል። ምክንያቱ ዘግናኝ ነው። አዲሱ ወንድ የሌላ ልጅ አያሳድግም። የሚጠቡትን ግልገሎች ብዙ ጊዜ ይገድላል። ተወልዶ ለሚገደል ልጅ ከመድከም የእናትየው ሰውነት ቀድሞ ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚህ ፈረንጁ የጣለው አንድ ጭላዳ አይደለም። ደረሰኙ ላይ «አንድ ወንድ» ተብሎ ይጻፋል። ገደሉ ላይ ግን ያልተወለዱት አሉ፣ ጡት ላይ የነበሩት አሉ። እነሱን ማን ቆጠረ? ስዊድን ውስጥ በድብ ላይ የታየውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አዳኝ ትልልቆቹን ወንዶች ሲጥል ባዶውን ቦታ ሌላ ወንድ ይይዘዋል፣ ግልገሎቹንም ይፈጃል። ይህን የሚያደርገው ተፈጥሮ ራሱ ነው የሚል ይኖራል። እሺ፣ ተፈጥሮ ነው። እኛ ለምን በዶላር እናጣድፈዋለን?

ድብን ያነሣሁት በራሴ አይደለም። ተናጋሪው «አውሮፓ እንኳ ድብ ያስገድላል፣ ሩማንያን እዩ» ብለው ነበር። እሺ፣ እንያት። ሩማንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ስፖርታዊ የድብ አደንን ከለከለች። በ2024 ደግሞ ድብ አንዲት የ19 ዓመት ወጣት ገደለና ፓርላማው ተቆጥቶ 481 ድቦች እንዲገደሉ ፈቀደ። በዚህ እንኳ ሰው ሞቷል። የእኛ ጭላዳ ማንን ገደለ? ገብስ በላ። ለገብስ ሞት የሚፈርድ ዳኛ እኔ አላውቅም። ከተጠቀሰ ደግሞ የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያም ትጠቀስ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ስፖርታዊ የግሪዝሊ ድብ አደንን ዘግታለች። አፍሪካስ ብትሆን ድብ ነበራት እኮ። በአትላስ ተራሮች፣ ሞሮኮና አልጄሪያ አካባቢ። ሮማውያን ለትዕይንት አጋዟቸው፣ ጠመንጃ የያዘ አዳኝ ቀሪዎቹን ለቀመ፣ ጫካውም ተመነጠረ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አለቀላቸው። ዛሬ አፍሪካ ውስጥ አንድም የዱር ድብ የለም። በዚያ የበለጸገ የአትላስ ገበሬ ካለ አዳራሹ ይጥቀስልኝ።

የገብሱን ነገር ቀልድ አላደርገውም። አምና በጥቅምት ከመካነ ሰላም ተነሥቼ ወደ ፓርኩ ወጥቼ ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ፀሐይ ስትወጣ ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። ሣሩ ላይ በቂጣቸው ተቀመጡ። በሁለት ጣት ሣር እየነጩ፣ እፍኛቸው ሲሞላ ወደ አፋቸው እየላኩ፣ ሳይነሡ እየተንፏቀቁ ይሄዳሉ። ጸጥ ካልክ ንጭ፣ ንጭ የሚለው ይሰማሃል። ሣር በላተኛ ናቸው። ከሣሩ ሃምሳ እርምጃ ሳይርቅ ግን የታረሰ መሬት ነበር። ፈሩ እስከ ገደሉ አፍ ደርሷል። አንድ ተጨማሪ ፈር ቢወጣ በሬው ገደል ይገባል። አብሮኝ የነበረው ጠባቂ በጣቱ አሳይቶኝ፣ «ጋሼ፣ ድሮ ይኼ ሁሉ ሣር ነበር» አለኝ። እና ጭላዳው ገብስ ውስጥ ገባ ብለን እንገረማለን። እሱ የት ሄደ? ገብሱ ነው ቤቱ ድረስ የመጣው።

ገበሬውን አልወቅስም። መሬት ጠቦት ነው። ለጠፋበት ገብስ ካሳ ይከፈለው፣ ለልጁ የጠባቂነት ሥራ ይሰጠው እላለሁ። ግን በአገሪቱ ከ3200 ሜትር ከፍታ በላይ ካለው መሬት ከግማሽ በላዩ ታርሷል። እዚያው ፓርክ ውስጥ ቀይ ቀበሮም አለ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ሁሉም እኛው አገር ናቸው። እሱን ማረሻው ከላይ፣ የመንደር ውሻ እብድ በሽታ ከታች ይዘውታል። አዳራሹ ውስጥ ስለ ቀይ ቀበሮ የተነፈሰ የለም። ጎፈር የለውማ!

ናሚቢያም ተጠቅሳለች። ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ የአካባቢው ሕዝብ በማኅበር ተደራጅቶ የዱር እንስሳቱን በራሱ እንዲያስተዳድርና ገቢውን እንዲይዝ ፈቅዳለች። እዚያ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ስፋቷ ከ820 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ሕዝቧ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ነው። እኛ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሆነን ገደል አፍ ላይ እያረስን የማንን ልብስ ነው የምንለካው? ገንዘቡ ለሕዝቡ ይደርሳል የሚለውን ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ቆሞ መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ልማት ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚከፍል፣ የከተማው ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚለቁበትን የሌዮሌን ወንዝ ቀለም ያየ ያውቀዋል።

አንድ አዛውንት ደግሞ «አባቶቻችንም አዳኞች ነበሩ፣ ግዳይ ጥለው ፎክረዋል» አሉ። ልክ ናቸው። ግን አያቴ የፎከሩት ጦር ይዘው አንበሳ ፊት ስለቆሙ ነው። ከሩቅ በመነጽር አነጣጥሮ ሣር የሚነጭ እንስሳ የጣለ ሰው «ዘራፍ» ቢል ሴት አያቴ ከምድጃው ሥር ሆነው በሳቅ ይሞቱ ነበር።

ፓርኩ ድሮ ደንቆሮ ጫካ ነበር የሚባለው። ዛሬም ብዙ ሰው እንደዚያ ይጠራዋል። የስብሰባውን ዕለት ወደ ደሴ ስመለስ፣ የሐረጎን አቀበት እየወጣን፣ ደንቆሮው ጫካው እንዳልሆነ ታየኝ።

እጄን አውጥቼ ነበር፤ መድረክ መሪው «ሻይ ደርሷል» አለና ዘጋው። ስንወጣ ለተሳታፊዎች ቦርሳ ታደለን። ቦርሳው ላይ የታተመው ፎቶ የወንድ ጭላዳ ነው። ጎፈሩ በነፋስ ተበትኖ፣ ደረቱ ፍም መስሎ፣ ገደል አፍ ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌ አይመስልም።