ውይ ባይ ያጣ ዳማ

ዳማ ሞተ የሚሉ ሰዎች ገዳዩንም በስሙ ያውቁታል፦ ስልክ ነው። ስልክ በዚህ አገር ያልገደለው ነገር የለም፤ ንባብን ገደለ፣ ጉርብትናን ገደለ፣ የምሳ ሰዓት ወሬን ገደለ፤ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ለምስክርነት ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ዳማን በተመለከተ ግን ክሱ በደንብ አልተጣራም። ተጫዋች ዛሬም አለ። ጋራዥ ውስጥ፣ ጥበቃ ቤት ደጃፍ፣ ታክሲ ተራ ጥግ፣ ሁለት ሰው ካርቶን ላይ አቀርቅሮ አይጠፋም። የጠፋው ሦስተኛው ነው። ሳይጠሩት የሚመጣው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከጀርባ የሚቆመው፣ ተጫዋቹ ቆርኪውን ካስቀመጠ በኋላ፣ ከማስቀመጡ በፊት ሳይሆን ጣቱን ካነሳ በኋላ፣ «ውይ!» የሚለው ሰውዬ።

ውይ ባይ ዓይነቱ ብዙ ነው። መደበኛው «ውይ» ብሎ ያቆማል። ምን አይተህ ነው ቢባል «ምንም፣ ተጫወት» ይላል። ከዚህ የከፋ ምክር የለም፤ ተጫዋቹ የሌለ ወጥመድ ሲፈልግ ያለው ውስጥ ይገባል። ሌላው ጣተኛው ነው፤ አፉ ዝም ይላል፣ ጣቱ ግን ሰሌዳው ላይ እንደ ዝንብ ያንዣብባል። የድሮ ጀግናም አለ፤ ሰፈሩን ሁሉ ያሸነፈው እሱ ነው፤ ና ተቀመጥ ሲባል ግን ሁልጊዜ መነጽሩን ቤት ረስቷል። ቁንጮዎቹ «ብላ!» እና «እንዳትበላ!» ናቸው። እነዚህ ሁለቱ አብረው መጥተው፣ አብረው ጮኸው፣ አብረው ይሄዳሉ፤ ለተሸነፈ ሰው ሻይ ከፍለው አያውቁም። መብላት ግዴታ በሆነበት ሰፈር «እንዳትበላ» ማለት ዝናብን እንዳትዘንብ እንደ መለመን ነው፤ ይህ ግን ምክራቸውን አያስቆመውም።

በእርግጥ ነገሩ የሚያስጮህ ነው። የዳማ ጥበቡ አብልቶ መብላት ላይ ነው። አንዱ ቆርኪውን ገፋ አድርጎ ባላጋራው አፍ ውስጥ ያስቀምጣል። ባላጋራው ዘሎ ይበላና ይደሰታል። ሲዘል ግን የተነሳበት ቤት ባዶ ቀርቷል፤ ባዶው ቤት ደግሞ ከጎኑ ለነበረው ቆርኪ ጀርባ ነበር። ያበላው ሰው አንዱን ዘሎ፣ ሁለተኛውን ዘሎ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ገብቶ ይነግሣል። አንድ ጉርሻ አጉርሶ ገበታውን ይዞ እንደ መነሳት ነው። ይህን ሁለት ሰው ብቻውን ሆኖ ቢያየው ጨዋታ ነው፤ ስምንት ሰው ከብቦ ሲያየው ግን እስከ ማታ የሚወራ ታሪክ ይሆናል።

የተመልካች ጣልቃ ገብነት የትናንት ጠባይ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1805 ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ ትግራይ ደርሶ ገዢዋ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ፣ ማለትም የአገሩን ቼዝ፣ ሲጫወቱ አይቷል። የዚያ ዘመን ሰንጠረዥ መክፈቻው «ወረራ» ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም እንደ እጃቸው ፍጥነት ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ሶልት እንደ ጻፈው የባላጋራን ጠጠር ሲወስዱ ቀስ ብለው አያነሱም፤ በኃይል መትተው ከቦታው ያስፈነጥራሉ። ዙሪያውን ያለው ሰው ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ በጨዋታው ድምፅ ነበረው፤ የሚሻለውን መንገድ ለማሳየት ጠጠሩን ራሱ ብድግ ያደርገው ነበር። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ግን ራስ ሁልጊዜ እንዲያሸንፉ በብልሃት ይደረግ ነበር። ጣተኛው ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ባለ ርስት ነው ማለት ነው። ያ የማስፈንጠር ልማድም ከሰንጠረዥ ወጥቶ ወደ ቆርኪ የገባ ይመስላል።

ውይ ባይን የሚጠራው ድምፅ ስለሆነ ቆርኪው ላይ ቆም እንበል። ዊልያም ፔይንተር የተባለ የባልቲሞር ሰው እ.ኤ.አ. በ1892 የቆርኪን ፈጠራ ሲያስመዘግብ ጥርሱ 24 ነበር፤ ዛሬ 21 ነው። ወርዱ ከጥርስ እስከ ጥርስ 3.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ዳማ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 12፣ በድምሩ 24 ቆርኪ ይፈልጋል። አንድ ሳጥን ቢራ የሚይዘው ደግሞ 24 ጠርሙስ ነው። ይህን ያህል የተስማማ ነገር በዚህ ከተማ ውስጥ ሌላ የለም። ይሁንና በ24 የተነሳ ሰው መሀል ላይ ይቸገራል፦ አንዱ ሲነግሥ ቆርኪው ላይ ሌላ ቆርኪ ይደረባል፤ ገና አንድም ያልተበላበት ሰው ከነገሠ የሚደርበው ከየት ይመጣል? ስለዚህ 28 ይያዝ፤ አራቱ ኪስ ይቀመጡ።

ለሁለቱ ወገን ሁለት ዓይነት ቀለም ከተገኘ፣ ለምሳሌ 14 የቢራና 14 የለስላሳ፣ ሁሉም በፊቱ ይቀመጥና ንጉሡን መገልበጥ ብቻ ይበቃል። ቀለሙ አንድ ከሆነ ግን አንዱ ወገን በፊቱ ሌላው በጀርባው ስለሚጫወት መገልበጥ ክህደት ይሆናል፤ ንጉሥ የግድ ይደረባል። የተደረበ ንጉሥ ሲመታ ይፈርሳል፤ ሲፈርስም «የት ቤት ነበር?» የሚል ጉባኤ ይከፈታል። ጉባኤውን የሚመራው ውይ ባይ ነው፤ ሰሌዳውን ከላይ ያየ እሱ ብቻ ነውና።

መክፈቻ የጎበጠውን ቆርኪ እንዳትወስዱ። የጎበጠ ቆርኪ ሰሌዳ ላይ እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዛል፤ ገፋ ሲያደርጉት ዞሮ የጎረቤቱን ቤት ይነካል፣ ይህም ሌላ ጠብ ነው። መድኃኒቱ ሲከፈት ነው፦ ቆርኪው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጦ መክፈቻውን በሳንቲሙ ላይ ማሳረፍ፣ ወይም ግማሽ አንስቶ ጠርሙሱን አዙሮ በሌላ በኩል መጨረስ። ለአስተናጋጅ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው መጠጥ ቤቱ በጠዋት ሲጠረግ መድረስ ነው፤ ከአንድ መጥረጊያ ሙሉ ሃያ ደህና ይለቀማል፣ የማዳበሪያ አጥር የሚመታ ሰው ከሚስማር ስር ሊያስገባው ካልቀደማችሁ። ድራፍት ጠጪ ለዳማ የሚያዋጣው ነገር የለም። የፕላስቲክ ክዳንም አለሁ ይላል፤ ቁመቱ ረጅም ነው፣ ሲደረብ ፎቅ ይሆናል፣ ሲመታ ደግሞ ድምፁ የታፈነ ነው። ብረቱ «ቀጭ!» ሲል ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው ዞር ይላል። ፕላስቲክ ሲመታ የሚዞር የለም።

ሰሌዳው ከካርቶን ይሠራል። ቤቱ 4 ሴንቲ ቢሆን ቆርኪው ይገባል፣ ጣት ግን አይገባም፤ አንዱን ሲያነሱ ሦስቱ ይንቀሳቀሳሉ። 5 ሴንቲ ይሁን፤ ስምንት በስምንት 40 በ40 ይሆናል፣ ዙሪያውን 2 ሴንቲ ዳር ሲተው 44። አንድ ካርቶን በሦስተኛው ቀን ይጎብጣል። ሁለት ካርቶን አንዱ ሽንሽኑ ቁም፣ የሌላው አግድም ሆኖ በኮላ ተጣብቆ ከባድ ነገር ተጭኖበት ካደረ አይጎብጥም። 32ቱን ጥቁር ቤት በማርከር እሞላለሁ ያለ ሰው ሃያኛው ላይ ማርከሩ ያልቅበታል፤ በሰያፍ መስመር መሸንሸን ይበቃል። በከሰል የቀባም ሰው የሸሚዙን እጅጌ ያየዋል። ከላይ ስኮች ይለጠፍበት፣ ሻይ ይፈስበታልና። ኮምፔንሳቶ ያገኘ ደስ ይበለው። ሲዘረጋ በየተጫዋቹ ግራ እጅ በኩል ያለው የጥግ ቤት ጥቁር ይሁን። ቢሳሳት ጨዋታው አይቆምም፤ ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ትልቁ መስመር ግን አቅጣጫው ይዞርና የለመደ ዓይን ይስታል። ሰሌዳው ባዶ የቢራ ሳጥን ተገልብጦ እሱ ላይ ይዘርጋ። ሳጥኑ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ከበሮ ነው፤ አንድ «ቀጭ» ሁለት ይሆናል።

ከመጀመር በፊት ሦስት ነገር መነገር አለበት፦ ተራው ቆርኪ ወደ ኋላ ይበላል ወይስ አይበላም? ንጉሥ መስመሩን ሙሉ ይበራል ወይስ አንድ አንድ ቤት ይረግጣል? መብላት የረሳ ምን ይሆናል? እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ሕግ ከጥንት የመጣ ነው ይላል። ሳይስማሙ የጀመሩ ሰዎች ሦስቱንም የሚያነሱት ሲሸነፉ ነው። በራሪ ንጉሥ ከተባለ ደግሞ አራተኛ ይጨመር፦ ትልቁን መስመር የያዘን አንድ ንጉሥ ሦስት ንጉሥ ተባብሮ አይዘውም። ያኛው ከጥግ ጥግ ይመላለሳል፣ ሦስቱ ያሳድዳሉ፣ ሻይ ይቀዘቅዛል፣ ተረኛው ይናደዳል። 15 እርምጃ ተቆጥሮ አቻ ይባል። ቆጣሪው ማን ነው? ያው ከጀርባ የቆመው። ያለ እሱ አሳዳጁ 12 ላይ ነን ይላል፣ ተሳዳጁ 19።

ስልክ እንግዲህ ይህን ነው የወሰደው። የስልክ ዳማ ሕግ አያስጥስም፣ ክርክር የለም፣ ንጉሡ አይፈርስም፣ ቆርኪ አይጠፋም። የተጣራ ሰላም ነው፤ ማንም አይቆምለትም። ተመልካች በመሠረቱ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ሰው ነበር፦ መኪናው እስኪሠራ፣ ታክሲው እስኪሞላ፣ ፀጉር አስተካካዩ እስኪጨርስ። አሁን እሱም ኪሱ ውስጥ የራሱ ስልክ አለው። የካናዳው የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቺኑክ በተባለ ፕሮግራማቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለቱም ካልተሳሳቱ ዳማ አቻ እንደሚያልቅ አረጋግጠዋል። የፈቱት ንጉሡ አንድ አንድ ቤት የሚረግጥበትን የእንግሊዞቹን ዓይነት ነው። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ለዓመታት ሲያሰላ ከጀርባው «ውይ!» ያለው ሰው አልነበረም።

ይህን ያዩ ተቆርቋሪዎች ዳማን ለማነቃቃት ሲነሱ የመጀመሪያ ሥራቸው ኮሚቴ ማቋቋም ነው። ሊቀመንበር፣ ምክትል፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ተቆጣጣሪ፤ ይህ ብቻ አምስት ነው፣ ዳማ የሚፈልገው ግን ሁለት ሰው። በመጀመሪያው ስብሰባ የቲሸርቱ ቀለም ይነሳል። በሁለተኛው ማኅተሙ ክብ ይሁን ሞላላ ይባላል። ሰሌዳ የሚነሳው በሦስተኛው ነው፣ እሱም በዕብነ በረድ እንዲሠራ ጨረታ ይወጣ የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ቆርኪው ክብር አይመጥንም ተብሎ በእንጨት ይተካል። መተዳደሪያ ደንብም ይረቀቃል፤ አንቀጽ አንድ ላይ ተመልካች ድምፅ እንዳያሰማ በጥብቅ ይከለከላል። አዳራሽ ይገኛል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ጸጥታ ይሰፍናል። ሁለት ሰው እንደ ፈተና ተቀምጦ ይጫወታል። ተመልካቹ አሥር ደቂቃ ያህል ይቀመጥና ስልኩን ያወጣል።

የሚሠራው መንገድ ርካሽ ነው። ሰሌዳው ሰው የግድ የሚጠብቅበት ቦታ ይዘርጋ፦ ጋራዥ ደጃፍ፣ ታክሲ ተራ፣ የነዳጅ ሰልፍ። በነዳጅ ሰልፍ የመኪናው ኮፈን ላይ የሚዘረጉ አሉ፤ ኮፈን ቁልቁል ስለሆነ በራሪ ንጉሥ በእውነት ይበራል፣ ሳጥኑ ይሻላል። ጥላው ለሁለት ሳይሆን ለስድስት ሰው ይብቃ። ሲጀመር ጎበዞች እንዳይቀመጡ፤ ጎበዝ ሲጫወት ሰው ያደንቅና ያልፋል። መካከለኛ ሁለት ሰው ይቀመጥ፣ በየአራት እርምጃው አንድ ጉልህ ስህተት የሚሠራ። ስህተት ያየ ሰው እግሩ አይንቀሳቀስም። ተሸናፊ ይነሳ፣ አሸናፊ ይቆይ። ሲበሉ ቀስ ብለው አያንሱ፤ ይምቱት።

ስልክ የያዘ ሰው በመጀመሪያው «ቀጭ» ቀና ይላል። በሦስተኛው አንድ እርምጃ ይጠጋል። ከዚያ ስልኩ ኪስ ይገባና እጆቹ ወደ ኋላ ይጣመራሉ። በዚህ ጊዜ ማንም ዞር ብሎ እንዳያየው፣ ሰላምም እንዳይለው። መጀመሪያ ምላሱን «ፅ» ያደርጋል፤ ትንሽ ቆይቶ ጣቱ ሰሌዳው ላይ ይደርሳል። ያኔ አንዱ ሣጥኑን ጠጋ ጠጋ ያድርግለት። ኪስ ያሉትን አራቱን ቆርኪዎች ግን ቁጠሩ።