ለአንድ ሳምንት ቤተሰብ

ሰሞኑን አንድ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶ ተለቀቀ። የሁለተኛ ክፍል ልጆች የሚማሩበት ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ዙሪያውን የልጆች መዳፍ በቀለም ታትሟል። መሃሉ ላይ በደማቁ «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ልቡ፣ ጭብጨባው፣ «ተባረኩልን» የሚለው ዘነበ። እኔም አንድ ልብ ጣል ላድርግ ብዬ ፎቶውን ሳሰፋው ከወረቀቱ ጎን ሰሌዳው ታየኝ። «የረባሾች ስም ዝርዝር» ይላል በጠመኔ። ከሥሩ ስም ተደርድሯል። አንዱ ስም አጠገብ ሦስት ኤክስ አለ።

ቤተሰቡም እዚያው፣ ክሱም እዚያው። በአንድ ፎቶ! እንዲህ ያለ ቦታ ቆጣቢነት መመስገን አለበት።

መቼም ልጆችን አንድ በማድረግ የሚስተካከለን የለም። ሌላው ዓመት ሙሉ የሚለፋበትን እኛ በአንድ ሳምንት እንጨርሰዋለን። ያ የመጀመሪያው ሳምንት ታዲያ እንዴት ያምራል! ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ስማቸውንና የሚወዱትን ቀለም ይናገራሉ። ከዚያ «የክፍላችን ሕግ» ይወጣል። ሕጉን ያወጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ ማንም እንዳይጠራጠር። ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ታትሞ፣ ላሚኔት ተደርጎ፣ ተሰቅሎ መጠበቁ ሌላ ጉዳይ ነው። ጎበዞች ናቸው፤ ከቤታቸው ሆነው አውጥተውት ይሆናል። ቀጥሎ ፊርማ ነው። ስሙን ገና አስተካክሎ መጻፍ ያልቻለ ልጅ «የሌሎችን ሐሳብ አከብራለሁ» በሚል ውል ላይ ይፈርማል። ፎቶ ይነሳል። ፎቶው ይለቀቃል። አለቀ። በሁለተኛው ሳምንት ክቡ ይፈርሳል፣ ወንበሩ ወደ ሰሌዳው ይዞራል፣ ፍቅሩም ለሚቀጥለው ዓመት ይቀጠራል።

የቀረውን ሥራ የሚረከበው የክፍል አለቃ ነው።

የክፍል አለቃን ሳላወድስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የስምንት ዓመት ልጅ ነው። መምህሩ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ማለት ሲፈልግ ጠመኔውን ያቀብለውና «ያወራውን ሁሉ ጻፍልኝ» ይለዋል። ያን ጊዜ ልጁ ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ዳኛም፣ መዝገብ ቤትም ይሆናል። ትልልቅ ሰዎች ለመነጣጠል ስንት ዘመን የፈጀባቸውን ሥልጣን በአንድ ጠመኔ መልሶ ይገጣጥመዋል።

መጀመሪያ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በእረፍት ሰዓት ኳስ ያላቀበለው ልጅ ነው። ልጁ አላወራም። ግን ሊያወራ አስቦ ይሆናል፤ አለቃችን አርቆ አሳቢ ነው። ሁለተኛው «ኧረ እሱ አላወራም!» ብሎ የመሰከረው ነው። ይህን ሲል አወራ፤ ማስረጃ በእጅ ተያዘ። ሦስተኛዋ «እውነቱን ነው» ያለችው ናት። አራተኛው የሳቀው። አምስተኛው ያሳቀው። ስድስተኛው ማን እንዳሳቀ ለማየት ዞር ያለው። ከዚያ ኤክስ ይመጣል። ኤክስ ማለት ከተጻፈም በኋላ ያላረፈ ማለት ነው። «ለምን ኤክስ አደረግክብኝ?» ያለ ሁለተኛ ኤክስ ይታከልለታል፤ ይግባኝ ራሱ ወንጀል ነው። ሦስት የሞላለት ስሙ አጠገብ «በጣም» ይጻፍበታል። ከ«በጣም» በላይ «በጣም በጣም» አለ። ከዚያ በላይ ስሙ ይከበባል። ከመከበብ በላይ ምን እንዳለ እስካሁን አልተደረሰበትም፤ መምህሩ ይመለሳል።

ደግሞ ጨካኝ ሥርዓት አይደለም፤ ምሕረትም አለው። አዲስ ላጲስ የያዘ ስሙ ይጠፋለታል። መቅረጫ ያዋሰ አንድ ኤክስ ይነሳለታል። ምንም የሌለው ልጅ ሰሌዳው ላይ ያለውን የራሱን ስም እያየ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። የአለቃው የልብ ጓደኛ ዴስክ ላይ ቆሞ ቢጨፍርም አይጻፍም፤ ምን ይደረግ፣ ሰሌዳው ሞልቷል። መምህሩ ሲገባ ክፍሉ ጭጭ ብሏል። ጸጥታ ደግሞ ፍቅር ነው። ሠላሳ ልጅ እርስ በርሱ እየተፈራራ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ከመስኮት ላየው የሚዋደድ ነው የሚመስለው።

አለቃው ራሱስ? በእረፍት ሰዓት ማንም አያጫውተውም። ጥግ ይዞ ይቆማል። እንዳታዝኑለት፤ የመሪነት ክህሎት እያዳበረ ነው።

ጠመኔ ኋላ ቀር ነው የሚሉ ዘመናዊዎችም አሉ። እነሱ ስቲከር ይወዳሉ። የሁሉም ልጅ ስም ግድግዳ ላይ ይደረደርና ከፊቱ ኮከብ ይለጠፋል። ላጲስ ያካፈለ፣ ኮከብ። የወደቀ ልጅ ያነሳ፣ ኮከብ። ውጤቱ ፈጣን ነው። ልጆቹ የሚወድቅ ሰው መጠባበቅ ይጀምራሉ። ትዕግሥት ያጣው ራሱ ገፍቶ ራሱ ያነሳል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የሚባሉ ተመራማሪዎች መሳል የሚወዱ ሕፃናትን ይዘው አንድ ነገር ሞክረው ነበር። ለአንዳንዶቹ «ከሳላችሁ ሽልማት አለ» አሏቸው፤ ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት። ሌሎቹን ምንም ቃል ሳይገቡላቸው አሣሏቸው። ከቀናት በኋላ ሽልማት በሌለበት ቀለሙን አቅርበው ሲያዩ፣ ቃል የተገባላቸው ልጆች በመሳል ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ያንስ ነበር። ያውም ይወዱት የነበረውን ነገር! አሁን ይህን ሰምተን ደግነትን በኮከብ መግዛት እንተው ይሆን? አንተውም። ስቲከሩን በጅምላ ገዝተነዋል።

ከእነሱ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኤልየት አሮንሰን የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር ቴክሳስ ኦስቲን ውስጥ አላስፈላጊ ድካም ደከመ። በዘር ተለያይተው ይማሩ የነበሩ ልጆች ገና አንድ ክፍል መግባታቸው ነበር። ጠብ ነበር፣ ጥርጣሬ ነበር። ሰውየው መፈክር ለጥፎ፣ ፎቶ ተነስቶ መሄድ ሲችል ልጆቹን በአምስት በስድስት አቧደናቸው። ትምህርቱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ሰጠው። ፈተናው ግን የሚመጣው ከሁሉም ቁራጭ ነው። ስለዚህ የማይወዱትን ልጅ መስማት ግድ ሆነባቸው። እየተንተባተበ የሚያስረዳውንም ተረጋግተው መጠበቅ ግድ ሆነባቸው፤ የሱን ድርሻ ሌላ ማንም አያውቀውማ። ሳምንታት ፈጀ። ልጆቹ ተቀራረቡ፣ ትምህርት ቤቱንም የበለጠ ወደዱት። ግን ምን ዋጋ አለው? አንድ ብልቃጥ የመዳፍ ቀለም እንኳ አልተጠቀመም።

ወላጆችንም ሳናመሰግን አንለፍ። «ልጄን ጎበዝ ልጅ አጠገብ አስቀምጡልኝ» የሚሉትን። ሁሉም ይህንኑ ስለሚል ጎበዙ ልጅ አራት ጎን ሊኖረው ይገባል። ማታ «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ?» የሚል ጥያቄ የለም። «ማን በለጠህ?» ነው የሚባለው። ጠዋት ልጁ የጓደኛውን ስም እንደ ባላንጣ ይዞ ክፍል ይገባል፤ ክብ ሠርቶ እንዲቀመጥ ይጠበቃል።

አሁን አንድ ነገር ልናገርና ወደ ሙገሳዬ እመለሳለሁ። ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ የምትመጣ ልጅ አለች። የሌለችበት ትምህርት ቤት የለም። መዳፏ ግድግዳው ላይ የለም፤ ቀለሙ ከደረቀ ቆይቷል። የኋላ ዴስክ ይሰጣታል። ስሟን የሚይዝላት እስኪገኝ «አንቺ አዲሷ» ናት። በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ብቻዋን ላለመታየት ሽንት ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ደወል ትጠብቃለች። ይህ ቀልድ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ ናት! ሽንት ቤት ውስጥ ቆማ ደወል የምትጠብቅ ልጅ እያለች «ቤተሰብ» የሚል ፎቶ መልቀቅ ነውር ነው። የሚጠየቀው እኮ ብዙ አይደለም። ጠዋት በር ላይ በስሟ ሰላም ማለት። «ዛሬ ሰሌዳ የምታጠፉት አንቺና እሷ ናችሁ» ማለት። ከረጅም እረፍት ሲመለሱ ያንን ክብ እንደገና መሥራት። የተጣሉትን «ማን ጀመረ?» ብሎ ከማፋጠጥ ቁጭ አድርጎ ማነጋገር። በቀን አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው። ግን በየቀኑ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ነው፣ ፎቶም አይወጣውም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

(አንድ መምህር ላይ ስድሳ ልጅ የሚቆልል ሰው ግን ይህን ጽሑፍ ለመምህሩ እንዳይልክ አደራ። ለራሱ ያንብበው።)

ይቅርታ፣ ስሜታዊ ሆንኩ። ወደ ሙገሳው።

የዓመቱ መዝጊያ ሲደርስ አንድነታችን እንደገና ከተቀበረበት ይወጣል። መድረክ ይዘጋጃል። ማይክ ይመጣል። «የዓመቱ ምርጥ ጓደኛ» ሽልማት ይሰጣል። አዎ፣ ጓደኝነት ደረጃ ወጥቶለታል፤ ከ1ኛ እስከ 3ኛ። መስፈርት አለው፣ ነጥብ አለው፣ ኮሚቴ አለው። 4ኛ የወጣው ጓደኛ ወንበሩ ላይ ያለቅሳል። እናቱ ጆሮው ሥር «ግዴለም፣ በግማሽ ነጥብ ነው የተበለጥከው፤ ለሚቀጥለው ጠንክረህ ትዋደዳለህ» ትለዋለች። 1ኛ የወጣው ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ፎቶ ይነሳል። 2ኛው አጠገቡ ቆሞ ፈገግ እንዲል ተነግሮታል።

ሁለቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም። የ2ኛው አባት ቅሬታ አስገብቷል፤ ነጥቡ እንደገና እየተቆጠረ ነው።