ርስትና ደብተር

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሰሞኑን ልጄ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። እ.ኤ.አ. በ1776 ስለወጣው የቨርጂኒያ የመብቶች መግለጫ ነው። «ሰው ሁሉ በተፈጥሮው እኩል ነጻ ነው» ይላል። «አባዬ፣ መብት ይዘነው ነው የምንወለደው ወይስ ሰዎች ናቸው የሚሰጡን?» አለችኝ። እንደ አዋቂ ፈጠን ብዬ «ይዘነው ነዋ!» አልኳት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችንስ ቢሆን አንቀጽ 10 ላይ ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጭ ነው ብሎ የለ?

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ግን መንዝ ትዝ አለኝ።

አያቴ ርስት ሲሉ ዓይናቸው ይበራ ነበር። በእናትም በአባትም ቆጥረህ መሬቱን መጀመሪያ የያዘው ዋናው አባት ዘንድ ከደረስክ ከመሬቱ ድርሻ አለህ፤ አገር ለቀህ ጠፍተህ፣ ሸብተህ ብትመለስም አለህ። ከዚህ በላይ አብሮ የሚወለድ መብት ከየት ይመጣል? «ተወላጅ መሆኔን ማን ያውቃል?» ስላቸው ታዲያ «ሽማግሌ ነዋ፣ የሚቆጥርልህ!» አሉኝ። ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤታችንና ቀጥቃጩ ባሏም እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ ናቸው። ለእነሱ ግን የቆጠረላቸው ሽማግሌ አልነበረም። ማረሻችንን የሚሠራልን ሰው የሚያርሰው መሬት አልነበረውም፤ ይባስ ብለን ቡዳ እንለው ነበር።

የቨርጂኒያውን መግለጫ ያረቀቀው ጆርጅ ሜሰን ደግሞ ባሪያዎች ነበሩት። ሴቶችም በመላ አሜሪካ የመምረጥ መብታቸው በሕገ መንግሥት የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። እዚህም ቆጣሪ ነበረ ማለት ነው፤ ልዩነቱ የፈረንጁ ቆጣሪ በወረቀት መቁጠሩ ነው። ለልጄ የሰጠሁትን መልስ ሳልሰርዝ ግማሹን ዋጥኩት።

ርስቱ በ1967 በአዋጅ ቀረ። አሁን ገበሬው ጋ ያለው የይዞታ ደብተር ነው፤ የባልም የሚስትም ፎቶ ይለጠፍበታል። ባለፈው ስሄድ አክስቴ ደብተሩን ከሣጥን አውጥታ፣ የተጠቀለለበትን ፌስታል ፈታ አሳየችኝ። ፎቶው ላይ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ተኮሳትራለች።

«ይኼ ከመምጣቱ በፊት መሬቱ ያንቺ አልነበረም እንዴ?» አልኳት።

«ምን ነካህ፣ የአባቴ አይደል! የእኔማ ድሮም የእኔ ነው» አለችና ፎቶውን በአውራ ጣቷ ጠረግ አደረገችው። «አሁን ግን ባሌም አምኗል።»