«ክንዴን ረስቼው ነበር»፦ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር በፊዚዮቴራፒ ክፍል

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ ቨርቹዋል ሪያሊቲ (ዓይንን በሚሸፍን መነጽር የሚታይ፣ በኮምፒውተር የተሠራ ምናባዊ ዓለም) ከስትሮክ በኋላ የሚሰጠው ፊዚዮቴራፒ ዋና አካል መሆን አለበት። ደጋፊው ራሱ ከስትሮክ ያገገመ ሰው ነው። ተቃዋሚዋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት።

ደጋፊ

ስትሮክ ከመታኝ በኋላ ለሳምንታት የሠራሁት አንድ ነገር ነው። ጠረጴዛው ላይ ኩባያ ይቀመጣል። ቀኝ እጄን እዘረጋለሁ፣ ኩባያውን እነካለሁ፣ እመልሳለሁ። ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ ያህል። ከዚያ ይደክመኛል። ከድካሙ በላይ ግን ይሰለቸኛል። ሰው ስንፍና ይለዋል። አልታዘዝም ያለ እጅን ቀኑን ሙሉ እያዩ መዋል ሞራል እንደሚገድል የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

አንድ ቀን መነጽሩን አጠለቁልኝ። ኳሶች ወደ ፊቴ ይመጣሉ፤ በእጄ መምታት ነው። ሲያልቅ ማሽኑ 160 ጊዜ እንደዘረጋሁ ነገረኝ። አላመንኩም። ክንዴን ረስቼው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት የስትሮክ ታካሚዎች በአንድ የሕክምና ክፍለ ጊዜ የተጎዳ እጃቸውን ስንት ጊዜ ለሥራ እንደሚያንቀሳቅሱ ቆጥሯል። አማካዩ 32 ነው። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ግን አንጎል እንዲለወጥ ያደረገው ድግግሞሽ በመቶዎች የሚቆጠር ነው። መቶዎቹን የሚያመጣ ነገር ተገኝቶ ለምን በር ይዘጋበታል?

ተቃዋሚ

«ክንዴን ረስቼው ነበር» ይላሉ። ወንድሜ፣ የእኔ ሥራ ሰው ክንዱን እንዲያስታውስ ማድረግ ነው።

ክንዱ የደከመ ሰው ኩባያ ሊነካ ሲሞክር ምን እንደሚሆን ልንገርዎ። ክርኑ አይዘረጋም። ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል። ደረቱ ወደ ፊት ይሄዳል። እጁ ኩባያው ላይ ደረሰ፤ የወሰደው ግን ወገቡ ነው። ለዚህ ነው መዳፌን ደረቱ ላይ አድርጌ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር የምይዘው። ያኔ ክርኑ ትንሽ ይከፈታል። ሁለት ጣት ያህል ብትሆን ነው። ያቺ ሁለት ጣት የእሱ ናት። ኳሱን በወገብዎ ቢመቱትም ማሽኑ ነጥብ ይሰጥዎታል። ከ160ው ስንቱ የክንድ ነበር?

ጥናት ካነሱ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት ኒውሮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን ያስታውሱ። በ4 አገሮች፣ በ14 ተቋማት፣ 141 የስትሮክ ታካሚዎች ነበሩ። ግማሾቹ በኒንቴንዶ ዊ፣ እጅን በማንቀሳቀስ በሚሠራ የቴሌቪዥን ጨዋታ፣ ተጫወቱ። ግማሾቹ ካርታና ዶሚኖ ተጫወቱ፣ ኳስ ተወራወሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥር ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት። በመጨረሻ በእጃቸው ላይ ልዩነት አልታየም።

መነጽሩ ማዞሩስ? ዓይን ተንቀሳቀስን ሲል የጆሮ ውስጥ ሚዛን የለም አልተንቀሳቀስንም ይላል። ጤነኛውን ያቅለሸልሸዋል። ቆሞ መሄድ ገና እየተማረ ያለ ሰው ምን ይሁን?

ደጋፊ

ስለ ወገቤ የጻፉት ሳያዩኝ ነው፤ ይሄ ከፍቶኛል። ያን ቀን ከአጠገቤ አልነበሩም።

ረሳሁት ያልኩት ፍርሃቱን ነው። እጄን ባነሳሁ ቁጥር «አሁንም አይሆንም» የሚለኝ ድምፅ ነበር። እሱ ነው የጠፋው። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በቃጠሎ የተጎዱ ሰዎችን በረዶ የሞላበት ምናባዊ ዓለም ውስጥ አስገብተዋል። ባለሙያው መገጣጠሚያቸውን ሲዘረጋ እነሱ የበረዶ ኳስ ይወረውራሉ፤ ሕመሙም ይቀልላቸዋል። እነዚያን ሰዎች ለምን ረሳችሁ ያላቸው የለም።

ያነሱት ዊ ደግሞ ለሳሎን የተሠራ የቴሌቪዥን ጨዋታ ነው። መነጽርም የለውም። ይልቅ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን ግምገማ ይዩ። 72 ሙከራዎችን፣ 2,470 ሰዎችን ሰብስቧል። ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲደመር የእጅ እንቅስቃሴን እንዳሻሻለ ይናገራል።

ተቃዋሚ

ያንን ግምገማ እኔም አንብቤዋለሁ። የተዉትን ልጨምርልዎ። በተለመደው ሕክምና ምትክ ሲሰጥ፣ ለእጅ ከተለመደው አልበለጠም። ሲደመር ጠቀመ ያሉትም በ10 ሙከራዎች፣ በ210 ሰዎች ላይ የታየ ነው። እነሱ ደግሞ ከሌሎቹ የበለጠ ሰዓት ሠርተዋል። «ሲደመር» ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት። የተከራከርነው «ዋና አካል» በሚለው ላይ ነበር።

አሁን ደግሞ የረሳሁት ፍርሃቱን ነው አሉ። መጀመሪያ የጻፉት «ክንዴን» ብለው ነው፤ እኔም የመለስኩት ለጻፉት ነው። የቃጠሎውን ነገር እቀበላለሁ፤ ለሕመም መርሳት መድኃኒት ነው። ግን በቃጠሎ የተጎዳ ሰው አንጎል ክንዱ አልጠፋበትም። የስትሮክ ታካሚ የጠፋበት እሱ ነው። አንዳንዱ ግራ ጎኑ ያለ እንኳ አይመስለውም። እሱን ሌላ ዓለም ውስጥ ከትቼ ክንድህን ፈልግ ልበለው?

ደጋፊ

እህቴ፣ 32ን እስካሁን አልመለሱልኝም። ሁለት ጊዜ ጻፉ፣ ሁለቴም አለፉት።

«ዋና» የሚለው ቃል ከከበደዎት እተወዋለሁ። በቀን አንድ ሰዓት መዳፍዎ ደረቴ ላይ ነው፤ እሺ። ቀሪውን 23 ሰዓትስ ማን ይዞኛል? ቤት ስገባ ያ ኩባያ ብቻውን ጠረጴዛው ላይ ነው የሚጠብቀኝ። ሦስት ጊዜ ነክቼው ፊቴን አዞራለሁ። መነጽሩ ያለባቸው ቀናት ግን ተነስቼ ነው የምጠብቀው። ይሄንን በነጥብና በሙከራ ብዛት ሊነግሩኝ አይችሉም። እኔ ነኝ የኖርኩት።

ተቃዋሚ

መሰልቸትዎን አልናቅኩም። እንደዚያ ከተሰማዎት ይቅርታ።

ስለ ቤቱ ግን ዝም አልልም። ዓይኑ የተሸፈነ፣ አንድ እግሩ የደከመ ሰው፣ አጠገቡ ማንም ሳይኖር? ወድቆ ዳሌው የተሰበረ ታካሚ ተቀብያለሁ። መነጽር አልነበረም፤ ምንጣፍ ነው የጣለው። ምንጣፍ ከጣለው መነጽሩማ ምን ያደርገዋል?

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ። መነጽሩ ይምጣ። መጀመሪያ ክፍሌ ውስጥ፣ ታካሚው ቁጭ ብሎ፣ ጀርባውን ተደግፎ። ስንት ጊዜ እንደዘረጋ ማሽኑ ይቁጠር። ክርኑ መከፈቱን የማየው እኔ ነኝ። ወደ ቤት ይውሰደው የምለውም መዳፌን ከደረቱ ላይ ሳነሳ ደረቱ ባለበት ከቀረ ነው።