ለጥድፊያ ጎብኚ የቀረበ ውዳሴ

ኮት ዳዙር በሚባለው የደቡብ ፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ፣ ከካኝ ሱር ሜር እስከ ማንቶን ያሉትን ሙዚየሞችና የአትክልት ስፍራዎች በአንድ ቀን አዳርሶ፣ ማታ ሆቴሉ ገብቶ እግሩን እያሸ ፎቶ የሚለጥፈውን ጎብኚ እስከ ዛሬ በወጉ ያመሰገነው የለም። ይህን ግፍ አይቼ ማለፍ አልሆንልህ ስላለኝ ብዕሬን አነሣሁ።

ዘመቻው የሚጀምረው ካኝ ነው። ሠዓሊው ረኗር እ.ኤ.አ. በ1907 እዚያ ያለውን ርስት የገዛው ያረጁት የወይራ ዛፎች እንዳይቆረጡ ሰግቶ ነው። ሪህ ጣቶቹን ቢያጣምማቸውም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1919 እስኪሞት ድረስ መሣሉን አልተወም፤ ወንበሩም ዛሬ በሥራ ክፍሉ ውስጥ ይታያል። ሰውየው ያን ሁሉ ትዕግሥት ያባከነው ስልክ ስላልነበረው መሆን አለበት። የእኛ ጀግና ወንበሩን፣ መስኮቱንና ወይራውን ባንድ ላይ አንሥቶ፣ ሾፌሩ ሞተር ሳያጠፋ ይመለሳል።

ኒስ ከተማ በሚገኘው የሠዓሊው የማርክ ሻጋል ሙዚየም ከዘፍጥረት፣ ከዘፀአትና ከመኃልየ መኃልይ የተቀዱ 17 ታላላቅ ሥዕሎች አሉ። በውጪው ግድግዳ ላይ ደግሞ ነቢዩ ኤልያስ በእሳት ሠረገላው በሞዛይክ ተሠርቶ፣ መልኩ ከሥሩ ባለው የውኃ ገንዳ ላይ ያርፋል። ይህ ሁሉ በመስኮት ወለል ብሎ በሚታይበት ቦታ አንድ የአገሬ ሰው (ስሙን አልጠራም፤ በአደባባይ መመስገን ያሳፍረዋል) ጀርባውን ለኤልያስ ሰጥቶ፣ በስልኩ ፀጉሩን ሲያስተካክል አገኘሁት።

«ከኋላዬ ያለው ምንድን ነው?» አለኝ።

ነገርኩት።

«እንደሱ ከሆነማ እሱም ይግባ» ብሎ ስልኩን ጥቂት ከፍ አደረገ። ነቢዩም ከሠረገላው ግማሹ ተቆርጦ በትከሻው በኩል ገባለት።

ሳን ዣን ካፕ ፌራ ላይ ባለጸጋዋ ቤያትሪስ ኤፍሩሲ ደ ሮትሽልድ እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1912 ያሠራችው ቪላ በ9 የአትክልት ስፍራዎች የተከበበ ነው፤ የጃፓኑ፣ የስፔኑ፣ የፍሎረንሱ፣ የጽጌረዳው እየተባለ ይቀጥላል። ፏፏቴዎቹ በሙዚቃ ይጨፍራሉ። ባለቤቲቱ 7 ዓመት የደከመችበትን የእኛ ሰው ፏፏቴው አንዱን ዜማ ጨፍሮ ሳይጨርስ ያዳርሰዋል። ጽጌረዳ ላሽትት ቢል ከፕሮግራሙ ወደ ኋላ ስለሚቀር አፍንጫውን ጭምር በቁጠባ ይይዛል።

ማንቶን ሲደርስ መሽቷል፤ ስለዚህ የቫል ራሜ የዕፅዋት ቦታ በር ላይ ብቻ ፎቶ ይነሣል። ውስጥ በትውልድ ቦታው በፋሲካ ደሴት ላይ ከዱር የጠፋው የቶሮሚሮ ዛፍ አለ፤ ግን ዛፍ በየመንገዱ ሞልቶ የለ!

የዚህ ጎብኚ ሙያ ፍንትው ብሎ የሚታየው ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ የሻጋልም፣ ኒስ ያለው የሠዓሊው የማቲስም፣ የረኗርም ሙዚየሞች ዝግ ናቸው። ሥዕል ልይ ብሎ አገር አቋርጦ የመጣ ምስኪን አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ፣ እሱ የመግቢያው ዋጋ ተርፎለት፣ ከተቆለፈው በር አጠገብ ቆሞ ፈገግ ይላል። ያ የአገሬ ሰው የማክሰኞውንና የረቡዑን ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ ሲያሳየኝ፣ የቱ የዝጉ ቀን እንደሆነ መለየት የቻልኩት በኤልያስ ግማሽ ሠረገላ ብቻ ነው።