የተመለሰው ንፍሮ

የሰፈሬ ሰዎች፣ ያገሬ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቻሉኝ።

ጥቅምት 23 ቀን በሰፈራችን አንዲት እናት ንፍሮ ይቀቅላሉ። ልጃቸው በ1998 የዚያን ዕለት በጥይት ተመትቶ ሞተ። የ17 ዓመት ተማሪ ነበር። በየዓመቱ ስንዴና ሽምብራውን ቀቅለው ለየጎረቤቱ በሳህን ይልካሉ። መጀመሪያ ሰሞን ግቢያቸው ሰው ይሞላው ነበር። ኋላ ሳሳ። አሁን ብቻቸውን ቀርተዋል።

ባለፈው ጥቅምት ልክ 20 ዓመት ሞላው። አንድ ጎረቤቴ ቤት ቡና እየጠጣን ነው። አንዲት ልጅ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዛ ገባች። ጎረቤቴ ጨርቁን እንኳ ሳይገልጥ «መልሺላቸው» አላት። «20 ዓመት ሙሉ ንፍሮ? ይብቃዎት በያቸው።» አንዱ ሳቀ። ልጅቷ በሩ ላይ እንደቆመች ሁላችንንም አየችን። እኔ ሲኒዬን አየሁ።

ሳህኑ እንዳለ ተመለሰ። ሴትዮዋ ምንም አላሉም። ቁጭ ብለው ራሳቸው ዘገኑት አለችኝ ልጅቷ በኋላ።

ይብቃዎት! ከምርጫ 97 በኋላ በተነሳው ተቃውሞ የሞተውን ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ቆጥሮታል፤ 193 ሲቪል፣ 6 ፖሊስ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል የጸጥታ ኃይሎች የወሰዱት እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው ብለው አገር ጥለው ወጡ። እኛስ? እኛ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን «ልጁ ድንጋይ ወርውሯል አልወረወረም» እያልን ስንከራከር ነበር። ቢወረውርስ?

ዛሬም ለመስቀል ልጆች ርችት ሲያፈነዱ እኚህ እናት በራቸውን ቆልፈው ይቀመጣሉ። እኛ «አረጁ» እንላለን።

ጎረቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። የሱም ወንድም ያኔ ታፍሶ ደዴሳ ወታደራዊ ካምፕ ወርዶ ነበር። ጸጉሩን ተላጭቶ ተመለሰ፤ ያየውን እስካሁን ትንፍሽ አላለም። ምናልባት ያ ሳህን የሚያስታውሰው እሱን ይሆናል። እሺ፣ ይሁንለት። እኔ ግን ምን ሆኜ ነው ሲኒ ላይ ያፈጠጥኩት? የእጄን ነው ያገኘሁት፤ ከዚያ ወዲህ ያቺ ልጅ ሰላም አትለኝም።

ለሚመጣው ጥቅምት ሳህኑን ራሴ ሄጄ ልቀበል ነው። ጎረቤቴንም እጎትተዋለሁ፤ እንቢ ካለም ይቅር። እናንተም ኑ። እንግዲህ እሳቸው ከቀቀሉ ነው።