ማስተካከያ፦ ሻምበሉ ማን ነበር?

ስለ «ዳድስ አርሚ»፣ ቢቢሲ ከ1968 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ስላሳየው የብሪታንያ ኮሜዲ፣ ባለፈው ስጽፍ ሦስት ቦታ ተሳስቻለሁ።

የታሪኩን ሰዎች «ምልምል ወታደሮች» ብያቸው ነበር። አይደሉም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገር ውስጥ ሆኖ ብሪታንያን ይጠብቅ የነበረው የ«ሆም ጋርድ» በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በ1940 እ.ኤ.አ. የጦር ሚኒስትሩ አንቶኒ ኤደን በሬዲዮ ሲጣራ የተሰባሰቡ፣ ለመደበኛው ጦር ወይ ያረጁ ወይ ያልደረሱ። ሥጋ ሻጭ አለ፣ ቀባሪ አለ፣ እናቱ ብርድ እንዳይመታው አንገቱን በሻርፕ የምትጠቀልልለት ወጣትም አለ። የዚህ ልጅ መነሻ ራሱ ደራሲው ጂሚ ፔሪ ነው፤ በልጅነቱ ሆም ጋርድ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ያሳፍረኛል። ቁጡውን ሻምበል ሜንዋሪንግን የሚጫወተው አርተር ሎው «በእውነተኛው ሕይወቱም ሻምበል ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ገልብጬዋለሁ! ሎው በጦርነቱ ያገለገለው ከመኮንን በታች በሆነ ማዕረግ፣ ማለትም በሰርጀንት ሜጀርነት ነው። ሻምበል የነበረው ጆን ለ ሜዙሪየር ነው፤ ፊልሙ ላይ የሎው ታዛዥ የሆነው ያ ለስላሳ ሰርጀንት ዊልሰን። ያኔ ካምፕ ውስጥ ቢገናኙ ኖሮ፣ ቀጥ ብሎ ሰላምታ የሚሰጠው ሎው ነበር።

ሦስተኛው፣ «ተጠንቀቅ!» ሲባል ሁሌ ከሰው ኋላ የሚደርሰውን አዛውንት ጆንስን የሚጫወተው ክላይቭ ደን የ70 ዓመት ሽማግሌ አልነበረም። ሲጀመር 48 ዓመቱ ነበር። ሜካፑ እኔንም ሸወደኝ። ደግሞም ግሪክ ላይ ተማርኮ ጦርነቱ እስኪያልቅ ኦስትሪያ ውስጥ የታሰረ ሰው ነው።

የቀረው ጽሑፍ እንዳለ ነው።